ሐሙስ ከክፍል በኋላ

እናቴን ለአባቴ ያሳበቅኩባት አስራ ሁለት ዓመቴን ልደፍን ሁለት ወር ሲቀረኝ ነው። ዓርብ ከሰዓት ነበር፤ በአባዬ ፒካፕ ከሲኤምሲ ወደ ኢምፔሪያል እየሄድን። አልዋሸሁም። በጆሮዬ የሰማሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የነገርኩት። ሆኖም ከነገርኩት ውስጥ አንዱም እንዳሰብኩት አልነበረም።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት አልሄድም ነበር። አስም አለብኝ። ከምማርበት ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ባለ አስር ፎቅ ሕንፃ መሠራት ሲጀምር፣ የሲሚንቶው አቧራ በመስኮት እየገባ ደብተራችን ላይ ይተኛ ጀመር። በአንድ መንፈቅ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል አደርኩ። በሦስተኛው ጊዜ እማዬ ሐኪሙ ፊት ቆማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ቤት ነው የምትማረው» አለች።

አባዬ ቀና ብሎ አያት። «ማን ሊያስተምራት ነው?»

ይህን ሲል ድምፁ ለምን እንደዚያ ዝቅ እንዳለ፣ እማዬስ ለምን ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ያኔ አልገባኝም።

የተማርኩት በላፕቶፕ ነው። እንደኔ ቤት የሚማሩ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ተባብረው መምህራን ቀጠሩ፤ አምስት ልጆች ነበርን። ሀይደር ከገርጂ፣ ሉዋም ከአያት፤ ሌሎቹ ሁለቱ መንትያ ስለነበሩ ስክሪኑ ላይ አንድ ካሬ ውስጥ ተጣበው ነው የሚታዩት። አባዬ፣ ላጲሶ ነው ስሙ፣ ለሚ ኩራ የሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ሱቅ ስላለው ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ እኔና እማዬ ብቻ ነን።

እማዬ፣ ውባንቺ፣ ከጎኔ ወንበር ስባ ትቀመጥና እኔ ስጽፍ ጣቶቼን ታያለች። የቤት ሥራዬን ስታርም አንድም ጊዜ ስህተት ነው፣ ልክ ነው ብላኝ አታውቅም። ደብተሩን ወደ ብርሃኑ ታዞርና፣ «እዚህ ጋ እጅሽ ደክሞ ነበር» ትለኛለች፤ ወይ ደግሞ፣ «ይቺን ስትጽፊ ሌላ ነገር እያሰብሽ ነው»። ሁልጊዜም እውነቷን ነበር። እኔ እናቴ ከሁሉም መምህር የበለጠች ጠንቋይ ትመስለኝ ነበር። የተጻፈ ነገር ሲመጣ፣ የትምህርቱ መልእክትም ይሁን የመድኃኒቱ ወረቀት፣ «አንብቢልኝ እስቲ፣ ድምፅሽ ደስ ይለኛል» ትላለች። ድምፄ ደስ የሚላት ይመስለኝ ነበር። ደግሞም ደስ ይላት ነበር፤ ይሄኛው እንኳ ውሸት አይደለም።

ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሥነ ጥበብ ታሪክ ነበረን። የሚያስተምረን መምህር ተስፋጽዮን ነው፤ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ድምፁ የማይቸኩል ሰው። ከጀርባው እስከ ጣሪያ የደረሰ የመጻሕፍት መደርደሪያ ይታያል። ራሱን ሲያንቀሳቅስ የጆሮው ጫፍ መጻሕፍቱ ውስጥ እየሰመጠ ይጠፋል። ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ውስጥ የሚኖር ሀብታም ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። መደርደሪያው ፎቶ መሆኑን፣ እሱ ደግሞ ኢምፔሪያል አካባቢ ባለው የእህቱ መድኃኒት ቤት መጋዘን ውስጥ፣ በካርቶኖች መሃል ተቀምጦ እንደሚያስተምረን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዋይፋይ የነበረው እዚያ ነው።

አስተማሪነቱ እንግዳ ነበር። ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ ሲያመጣ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ይሸፍነዋል። ማን እንደሣለው፣ መቼ፣ የት፣ ምንም አይነግረንም። «መጀመሪያ እንይ» ይላል። «ስሙን ካወቃችሁ ማየት ታቆማላችሁ።» ሦስት ደቂቃ ሙሉ ማንም አይናገርም። ከዚያ እያንዳንዳችን ያየነውን እንናገራለን።

አንድ ማክሰኞ ዋሻ ግድግዳ ላይ የተሣሉ ላሞች አመጣ። ቀይና ነጭ ናቸው፤ አንገታቸው አጭር፣ ጭንቅላታቸው ትንሽ። ሀይደር ሃያ ሦስት ላም ቆጠርኩ አለ። ሉዋም ቀለሙ ከአፈር የተሠራ ይመስላል አለች። እኔ ቀንዳቸው እንደ ጨረቃ ነው አልኩ። መምህሩ «ሌላስ?» ሲል ሁላችንም እንደገና ወደ ሥዕሉ አጎነበስን።

እማዬ ከካሜራው ውጪ ተቀምጣ ነበር። ድንገት ጎንበስ አለችና በጣቷ ስክሪኑን ነካች። «ይቺኛዋ ልትወልድ ነው» አለች።

መምህሩ ሰማት። «ማን ነው የተናገረው?»

«እናቴ ናት» አልኩ፣ አፍሬ።

«እስቲ ይቅረቡ፣ ወይዘሮ ውባንቺ። እንዴት አወቁ?»

እማዬ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወደ ካሜራው ቀረበች። «ጡቷን ይዩት። ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ኋላ ወርዷል። ጀርባዋም ጭራዋ ሥር ሰርጉዷል። ሌሎቹ ይሄዳሉ፣ እሷ ግን ቆማለች። እኔ ሆሳዕና ገጠር ነው ያደግኩት፤ ላም መውለጃዋ ሲደርስ እንደዚህ ነው የምትቆመው። የሣላት ሰው ከብት አርቢ ነው። ዝም ብሎ መንገደኛ ይሄን አያይም።»

መምህሩ ፊቱን ወደ ስክሪኑ እንዳስጠጋ ቀረ። ኢንተርኔቱ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። በኋላ፣ «ይህን ሥዕል ለአስራ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ» አለ። «ዛሬ ገና ነው ያየሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ተቀየረች። ማክሰኞና ሐሙስ ሲሆን ለሠርግ የምትለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ ታወጣለች። ፀጉሯን ታስተካክላለች። ካሜራው ውስጥ፣ ከጎኔ ትቀመጣለች። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ክፍሉ ሲያልቅ፣ «አንቺ ውጪ ተጫወቺ፤ ከመምህሩ ጋር ስለ ትምህርትሽ የማወራው አለኝ» ብላ በሩን ትዘጋለች። ግማሽ ሰዓት። አንዳንዴ ከዚያም በላይ።

መጀመሪያ ስለ እኔ የምታወራ መስሎኝ ኮራሁ። ቀጥሎ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ማዳመጥ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ያስደነገጠኝ ነገር «አንቺ» ማለቱ ነው። ክፍል ውስጥ «እርስዎ» እና «ወይዘሮ ውባንቺ» የሚላት ሰው፣ በሩ ሲዘጋ «አንቺ» አላት። «እጅሽን አታስጨንቂው፤ ዝም ብለሽ ልቀቂው» ሲል ሰማሁት። እማዬ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ እንደ ልጅ፣ አፏን በእጇ ይዛ።

በሌላ ሐሙስ፣ «ለላጲሶ አልነገርኩትም» አለችው። «አስራ ሦስት ዓመት የደበቅኩትን አሁን ምን ብዬ ልንገረው?»

«አንድ ቀን ማወቁ አይቀርም» አላት።

«ይወቅ። ግን አሁን አይደለም። ማኅደርማ ፈጽሞ እንዳትሰማ።»

ማኅደር እኔ ነኝ። በዚያች ሰዓት ደረቴ ማፏጨት ጀመረ፤ የአስም ኢንሄለሬን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ከሁሉም የባሰው ግን ካሳበቅኩባት አንድ ቀን በፊት፣ ሐሙስ የሰማሁት ነው። መምህሩ እንዲህ አለ፦ «ቀለበቱን ዛሬም ረሳሽው እኮ። ያለ ቀለበት ቤት አይሆንም።»

እማዬም እየሳቀች፣ «ይረሳኛል፣ ምን ላድርግ» አለች።

ስትወጣ ጣቷን አየሁ። ቀለበቷ የለም። ወጥ ቤት ሮጬ ስገባ ዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ፣ ከሳሙናው አጠገብ ተቀምጧል። ዕቃ ስታጥብ ሁልጊዜ እዚያ እንደምታስቀምጠው አውቅ ነበር። ያን ቀን ግን ማወቄን ረሳሁት።

ዓርብ የላፕቶፑ ቻርጀር ስለተበላሸ አባዬ ኢምፔሪያል ወስዶ ሊገዛልኝ መጣ። ከጎኑ ተቀምጬ የሚያልፉትን መኪናዎች ስቆጥር ቆየሁ። በመጨረሻ፣ «አባዬ፣ አንዲት ሴት ቀለበቷን ካወለቀች ትዳሯ ይፈርሳል?» አልኩት።

«ለምን ጠየቅሽ?»

ሁሉንም ነገርኩት። አረንጓዴውን ቀሚስ፣ የተዘጋውን በር፣ «አንቺ»ውን፣ አስራ ሦስት ዓመቱን፣ ቀለበቱን። አባዬ አንዴም አላቋረጠኝም። መውጫችንን አለፈው፤ ሳያውቀው ቀለበት መንገዱን ይዞ ወደ ቦሌ ተጓዘ። ከኋላ ሚኒባሶች ጥሩምባ ሲነፉበት ነው የባነነው። ቻርጀሩን ገዝተን ስንመለስ ማንጎ ጭማቂ ገዛልኝ። «ለማንም አትናገሪ» ብቻ ነው ያለው።

ቀጣዩ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የፒካፑን ድምፅ ከታች ሰማሁ። አባዬ በዚያ ሰዓት ቤት መጥቶ አያውቅም። ሦስት ፎቅ ሮጦ እንደወጣ ያስታውቃል፤ ትንፋሹ እንደኔ ያፏጫል። ሳያየኝ አልፎኝ በሩን ከፈተው።

እማዬ ብድግ ስትል ወንበሩ ወደቀ። ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አላት።

አባዬ ቀርቦ ከኋላዋ የሆነ ነገር ወሰደ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለቆመ ምን እንደሆነ አላየሁም። ትከሻው ብቻ ነው የታየኝ፤ ሲገባ ጆሮው ጋ ደርሶ የነበረ ትከሻ ቀስ እያለ ወረደ።

ከላፕቶፑ የመምህሩ ድምፅ መጣ። «አቶ ላጲሶ ነዎት? ይፍቀዱልኝና ላስረዳዎት።»

«ማስረዳት አያስፈልግም፣ መምህር» አለ አባዬ። «ሳላንኳኳ የገባሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» የያዘውን ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ በሩንም ራሱ መልሶ ዘጋው።

ደረጃው ላይ ተቀመጠና ዓይኑን በእጁ መዳፍ ጠረገ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ቤታችን ፈረሰ አልኩ።

«ልትፋቱ ነው?»

«እናትሽ ምንም ጥፋት አላጠፋችም፣ ማኅደር።» አጠገቡ አስቀመጠኝ። «የቀረውን ራሷ እስክትነግርሽ ጠብቂ። የምነግርሽ እኔ አይደለሁም።»

ለሰው እንዲህ ያለ መልስ ለምን ይሰጣል? አሁን ሳስበው ትልቅ አክብሮት ነበር። ያኔ ግን የሚደብቁብኝ ሰዎች ቁጥር ሦስት ደረሰ ብዬ ነው የቆጠርኩት። የዚያን ቀን ራት እየበላን ሳለ ውኃ ላመጣ ተነሥቼ ስመለስ ደግሞ ይሄን ሰማሁ፤

«አውቀህ ነበር?» ትላለች እማዬ።

«ከሠርጋችን ሳምንት ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ዝም ስላልሽ።»

ከሠርጋቸው ሳምንት ጀምሮ! መምህሩን ያኔም ታውቀው ነበር ማለት ነው። አባዬ አውቆ፣ አስራ ሦስት ዓመት ችሎ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እማዬ አረንጓዴውን ቀሚስ አላወጣችም። ሁለት ሐሙስ በሩ አልተዘጋም። የሥነ ጥበብ ክፍሉ ሲጀመር ወጥ ቤት ገብታ ትቆያለች። መምህሩ «እናትሽ ደህና ናቸው?» ሲለኝ፣ በልቤ እየረገምኩት «ደህና ናት» እላለሁ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን ቤቱ ዝም አለ። እማዬ ደብተሬን ወደ ብርሃኑ ማዞር አቆመች። ጀርባዋ ጎበጥ ብሎ ስትሄድ ሳያት፣ ገና መምህሩን ስለምታስብ ነው ብዬ ነገሩን ለመጨረስ ወሰንኩ።

በሦስተኛው ሐሙስ ከክፍል በፊት ለመምህሩ መልእክት ጻፍኩ። ፊደሉን በትልቁ አድርጌ፣ እንዲህ ብዬ፦ «እባክዎ እናቴን ይተዉልን። ቤታችን እንዳይፈርስ።» ልልከው ስል መብራት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ላፕቶፑ ግን በባትሪ በርቷል። መብራቱ የሕንፃው ሁሉ እንደሆነ ጥበቃውን ልጠይቅ ወደ ታች ወረድኩ።

ስመለስ እማዬ ጠረጴዛው ፊት ቆማ ነበር። አላየችኝም። በጣቷ ስክሪኑን እየነካች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አውጥታ ትናገራለች።

«እ… ባ… ክ… ዎ።» ትንሽ ቆየች። «እባክዎ። እ… ና… ቴ… ን። እናቴን።»

በሩ ላይ ቆምኩ። የአንደኛ ክፍል ልጅ እንኳ እንደዚያ አያነብም። የሚያስቅ ነገር የምትጫወት መሰለኝ፤ ፊቷ ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል።

«ይ… ተ… ዉ… ል… ን።» ጣቷ ወደሚቀጥለው ወረደ፤ ቆመ። «ይቺኛዋ…» አለች ለራሷ፣ ቀስ ብላ። «ይቺኛዋ እግሯ ላይ ቀለበት አላት። ቢ አይደለችም። ቤ። ቤ… ታ… ች… ን።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሁሉም፣ በአንድ ጊዜ። «ድምፅሽ ደስ ይለኛል»፣ «እጅሽን አታስጨንቂው»፣ ያለ ቀለበት ቤት የማይሆነው ነገር። እናቴ ስታነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ የምታነበውም የኔን ክስ ነበር።

እስከ መጨረሻው አነበበችው። ዞር ስትል አየችኝ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እናቴን ይተዉልን ማለት…» አለችና አቋረጠችው። ትርጉሙ ከፊደሉ ዘግይቶ ደረሰላት። የምትቆጣ መስሎኝ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እሷ ግን ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ እኔንም አቅፋ አስለቀሰችኝ።

«ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ» አለችኝ በመጨረሻ። «ወንድሞቼን ትምህርት ቤት በር ድረስ አደርስ ነበር። እኔ ከበሩ አላለፍኩም። አዲስ አበባ መጥቼ ሰው ቤት ስሠራም ሌላውን ሁሉ እንጂ ይሄን ማን ያስተምረኛል? ከዚያ አባትሽን አገባሁ፤ አፈርኩ፤ ደበቅኩት። ለካ በሠርጋችን ሳምንት የእንኳን ደስ አላችሁ ካርድ ገልብጬ ይዤ 'እንዴት ያምራል' ስል አይቶኛል። አላወቅኩም እንጂ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ቤት የሚገባውን ወረቀት ሁሉ ሳልጠይቀው ጮክ ብሎ የሚያነበው።»

«ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሐኪሙ ፊት ልጄን ቤት አስተምራለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንበብ የማትችል ሴት እንዴት ታስተምራለች ብለው ወደዚያ አቧራ ይመልሱሻል ብዬ ፈራሁ።» ፊቴን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ። «የሥዕሉ ክፍል ላይ ግን ጽሑፉ ይሸፈናል። ሁላችሁም ከኔ ጋር እኩል ነበራችሁ። ከላሟ ቀን በኋላ መምህሩ ያልኩትን ጽፌ እንድልክለት ጠየቀኝ፤ እኔ በድምፅ ላክሁለት። በማግስቱ ደወለና ምንም ሳይጠይቀኝ፣ 'ሐሙስ ከክፍል በኋላ ከሀ እንጀምር?' አለኝ። 'እሺ፣ ግን እርስዎ አይበሉኝ፤ ተማሪ ነኝ' አልኩት። ያን ቀን አባትሽ ከእጄ የወሰደው የፊደል ደብተሬን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አፍሬ ተውኩት።»

መልእክቱን አጠፋሁት። የዚያን ቀን መብራት አልመጣም፤ ክፍልም አልነበረም። አባዬ ሲገባ እማዬ በሩ ላይ ተቀብላ፣ «ነገርኳት» ብቻ አለችው። አባዬ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠና፣ «አሁን ታዲያ ራት በሰላም እንበላለን» አለ። በማግስቱ ለመምህሩ ራሴ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ምን እንዳሰብኩበት ግን ለመንገር ድፍረት አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

በመስከረም ሐኪሙ ፈቀደልኝ። ግንባታ የሌለበት ሠፈር፣ ዛፍ ያለበት ትምህርት ቤት ተገኘልኝ፤ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። ቤት ከሚማሩት ልጆች ዝርዝር ውስጥ ስሜ ሊወጣ ሲል እማዬ መምህሩን፣ «እኔስ መቅረት አለብኝ?» አለችው። መምህሩ ለልጆቹ ጠየቃቸው። ሀይደር ሳያመነታ፣ «ላሟን ያየችው እሷ አይደለች እንዴ? እሷ ከወጣች እኛ ምን እናደርጋለን?» አለ። እማዬ በኔ ቦታ ቀረች፤ ካሬው ላይ ያለውን ስም እንኳ ለሁለት ወር ያህል «ማኅደር» ከሚለው አልቀየሩትም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ግማሽ ቀን ተምረን ቀድሜ መጣሁ። ደረጃውን ወጥቼ ስገባ የእማዬ ድምፅ ከሳሎን ይሰማል። ከሉዋም ጋር ትከራከራለች፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ያዘነ ነው ትላለች ሉዋም፣ የለም፣ ጀርባውን አሞት ነው ትላለች እማዬ። መምህሩ ሁለታችሁም በደንብ እዩት ይላል።

ርቦኝ ወጥ ቤት ገባሁ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ መስመሩን እየለቀቁ ወደ ታች ይወርዳሉ።

«ምሳሽ ፍርጅ ውስጥ ነው። ክፍል ነኝ። እስክጨርስ እንዳትጠሪኝ። እናትሽ ውባንቺ።»

ከእናቴ የተጻፈልኝ የመጀመሪያው ነገር ነበር። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ምሳዬን አውጥቼ፣ ሳላሞቀው፣ ማንኪያው ሳህኑን እንዳይነካ እየተጠነቀቅኩ በላሁ።